ካርዱን ከመግዛታችን በፊት ቴሌቪዥኑን ጠየቅነው

በየቤቱ የማይሠራበት፣ የማይጣልም አንድ ዕቃ አይጠፋም። በአንዱ ቤት የእናት መሶብ ነው፤ በሌላው ቤት የአባት ሸክላ ማጫወቻ። በእኛ ቤት ደግሞ ከኋላው ጉብ ያለ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ነው። የባለቤቴ አክስት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከሮም ሲመጡ ለእህታቸው ለአማቴ ያመጡላቸው ስጦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ሲገባ፣ የባለቤቴ የሰፈር ልጆች ተሰብስበው የጮኹት በዚህ ቴሌቪዥን ፊት ነበር።

አማቴ ከእኛ ጋር መኖር ሲጀምሩ ቴሌቪዥኑም አብሯቸው መጣ። የሳሎናችን ግድግዳ ላይ ፍላቱ ተሰቅሏል፤ የድሮው ጥግ ይዞ፣ ኪሮሽ ለብሶ፣ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ይኖራል። ቅዳሜ ጠዋት «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ከውጭ ሲሰማ እማማ ቀና ብለው በመስኮት ያያሉ። ምንም አይናገሩም፤ ምን እንደሚያስቡ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ያገናኘው የ14 ዓመቱ ልጃችን ነው።

ልጃችን ከትምህርት ቤት መልስ ሰፈር ውስጥ ወዳለው ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ነበር፤ ቀጥሎ አንድ ሰዓት ሆነ፤ በኋላ ሲመሽ መምጣት ጀመረ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ውጤቱም አልወረደም። እራት ላይ ግን ቃል አይተነፍስም። አባቱ ይቆጣል፣ እሱ ጭራሽ ይዘጋል፣ እኔ መካከል ላይ ወጥ እጨምራለሁ። የሚያስፈራኝ ጌሙ አልነበረም። የሚያስፈራኝ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከቤት ሲወጣ፣ አባትና ልጅ አንዳቸው ለሌላው ስልክ የሚደውሉበት ወሬ እንዳያጡ ነው።

በዚህ መሐል የመሥሪያ ቤት ዕቁቤ ወጣ። ባለቤቴ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ «ጌሙን ወደ ቤት እናምጣው። የአርኬድ ሣጥን እንሥራ።»

አርኬድ ማለት ስክሪኑና መጫወቻ እጀታው በአንድ ረጅም ሣጥን ውስጥ የተገጠመ፣ ፊቱ ቆመው የሚጫወቱበት ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ፓክማን፣ በ1991 ደግሞ ስትሪት ፋይተር 2 ሲወጡ፣ ሰው ሳንቲም እየከተተ የሚጫወተው በእንዲህ ዓይነት ሣጥን ላይ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለውን ሣጥን ቤታቸው የሚሠሩ ብዙ ናቸው። የሚያስፈልገው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ኤምዲኤፍ እንጨት፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ጥቂት ቁልፎችና አንድ ስክሪን ነው። ጨዋታዎቹን የሚያስነሳው ሜም የሚባል ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ፣ የድሮዎቹን ማሽኖች አሠራር በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚሠራ፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም።

ኮምፒውተሩን ባለቤቴ አገኘ። እንጨቱን የሰፈራችን አናጢ ቆረጠልን። ስክሪኑ የእማማ ቴሌቪዥን እንዲሆን ባለቤቴ በልቡ ወስኗል። የቀረው ቴሌቪዥኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ካርድ ነበር፤ ጭቅጭቁም የተነሳው እዚያ ላይ ነው።

የሱቁ ምክርና የልጄ ክርክር

መገናኛ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች ወደ አንዱ ሦስታችንም ሄድን። ሻጩ ወጣት «ለጌም» የሚለውን ቃል እንደሰማ ሁለት ማራገቢያ ያለው ካርድ ከነካርቶኑ አወጣ። «ማዘር፣ ለጌም ከሆነ ይሄ ነው። አርቲኤክስ 3060። ሌላ አትፈልጊ።» የልጄ ዓይን በራ። ዋጋው የዕቁቤን ግማሽ አልፎ የሚሄድ ነው።

«ከድሮ ቴሌቪዥን ጋር ይሠራል?» አልኩት።

«የድሮ ቴሌቪዥን ምን ያደርጋል? ሞኒተር እዚሁ አለን። ግድ ነው ካላችሁም ይቺን መሐል ላይ መሰካት ነው» ብሎ ትንሽ መቀየሪያ ሣጥን አሳየኝ። ወጣቱ አልዋሸም፤ ሰው ሁሉ ለሚጠይቀው ነገር የሚሰጠውን መልስ ነው የሰጠኝ። እኔ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዋጋ በጠየቅሁበት ቀን ገንዘብ አልከፍልም። አመስግነን ወጣን።

የዚያን ዕለት ማታ ልጄ ከስንት ጊዜ በኋላ እራት ላይ ረጅም ንግግር ተናገረ። «ማሚ፣ አዲሱ ካርድ የድሮውንም ጌም ያጫውታል፣ የእኔንም ያጫውታል። አሮጌ ካርድ ብንገዛ ግን ለድሮው ጌም ብቻ ነው። አንድ ወጪ፣ ሁለት ጥቅም። አንቺ ራስሽ እንደዚህ አይደል የምትይው?»

እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ጥሩ ነበር። አባቱ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማው። «የአያትህ ቴሌቪዥን ይጣል ነው የምትለው?» አለና ድምፁ ከፍ አለ። እማማ ሳህናቸውን አነሱ። «በእኔ ዕቃ አትጣሉ። ካስቸገረ ለቆራሌው ስጡት» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

የትኛው ካርድ ይገዛ የሚለው ጥያቄ የማን ዕቃ ይቆይ፣ የማን ይውጣ ወደሚል ዞረ። እንዲህ ሲሆን የሚያዋጣው ቁጥሩን ማየት ነው። ልጄን «ክርክርህ ጥሩ ነው፤ በወረቀት አረጋግጠው» አልኩት። «ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አድርግ። እያንዳንዱ ምን ያስወጣል? ከተገዛ በኋላስ ምን ይጠይቃል? ሦስት ቀን አለህ።» አባቱን ደግሞ ልጁን ይዞ ወደ አንድ የቆዩ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ እንዲሄድ ለመንኩት።

ቴሌቪዥኑ የሚሰማው ፍጥነት

ጠጋኙ ጋሼ በቱቦ ቴሌቪዥን ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። ልጄ በስልኩ ያነሳውን የቴሌቪዥኑን የጀርባ ፎቶ አይተው፣ የነገሩትን እሱ ማታ ለእኔ መልሶ ነገረኝ፤ እኔም የገባኝ ያኔ ነው።

የድሮ ቴሌቪዥን ሥዕሉን በአንድ ጊዜ አያወጣም። አንድ ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ መስመር እየሰመረ፣ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ይስላል። በአገራችንና በአብዛኛው አውሮፓ ሲሠራበት በኖረው በፓል ሥርዓት ይህ ጨረር በሰከንድ 15,625 መስመር ይሰምራል። የድሮዎቹ የአርኬድ ጌሞችም አብዛኞቹ የተሠሩት ለዚሁ ፍጥነት ነው። ኮምፒውተር ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ቪጂኤ ከመጣ ወዲህ በትንሹ በሰከንድ 31,500 ያህል መስመር ይልካል፤ እጥፍ ማለት ነው። ይህን ለድሮ ቴሌቪዥን ቢልኩበት ሥዕሉ ይበጣጠሳል፤ አንዳንዱ ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ውስጡን ሊጎዳ ይችላል።

ጋሼ ነገሩን ያስረዱት በቀላሉ ነበር፤ «ልጄ፣ ይህ ቴሌቪዥን የሚሰማው በራሱ ፍጥነት ሲያናግሩት ብቻ ነው። ብትቸኩልበት አይገባውም። ብትጮኽበት ይበላሻል።» ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ዝም አለ አሉ።

እንግዲህ ከካርዱ የሚፈለገው ጉልበት ሳይሆን ዝግ ብሎ መናገር መቻሉ ነው። ሜም አብዛኛውን ሥራ የሚጭነው በፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ ካርዱ የተሠራውን ሥዕል ወደ ስክሪን ከማድረስ ያለፈ ብዙ ሥራ የለበትም። የ1980ዎቹን ጌም ለማስነሳት ውድ ካርድ መግዛት አንድ ከረጢት ጤፍ ለማምጣት አይሱዙ እንደ መከራየት ነው።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ወረቀቱን አመጣ። አራት ነገር ጽፏል።

አንደኛው መውጫው ነው። የድሮ ቴሌቪዥን የሚቀበለው አናሎግ ምልክት ነው። አዳዲስ ካርዶች ያላቸው ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት ብቻ ነው። ኤንቪዲያ ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ፣ ኤኤምዲ ደግሞ ከአርኤክስ 400 ተከታታይ ጀምሮ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2016፣ አናሎግ መውጫን ትተዋል። ሻጩ ያሳየን መቀየሪያ ሣጥን ይሠራል፤ ነገር ግን ትልቁን ሥዕል አሳንሶ ስለሚያስተላልፍ ያደበዝዘዋል፣ ያዘገየዋልም። ጌም ላይ ደግሞ ቁልፍ ተጭኖ መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው መብራት ነው። አርቲኤክስ 3060 ብቻውን 170 ዋት ይፈልጋል፤ አምራቹም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። የእኛ የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ላይ የተጻፈው 240 ዋት ነው። ሬዲዮን ኤችዲ 5450 የሚባለው አሮጌ ካርድ ግን 20 ዋት እንኳ አይሞላም፤ ከተሰካበት ቦታ በሚያገኘው ኃይል ብቻ ይሠራል።

ሦስተኛው ቁመት ነው። የእኛ ኮምፒውተር ቀጭን ነው፤ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባበትም። ኤችዲ 5450 በግማሽ ቁመት የተሠራ አለው፤ አንዳንዱ ማራገቢያም ስለሌለው ድምፅ የለውም።

አራተኛው ፕሮግራም ነው። ለእነዚህ አሮጌ ሬዲዮን ካርዶች ተብሎ በጌም ወዳጆች የተስተካከለ፣ ሲአርቲ ኢሙድራይቨር የሚባል ሶፍትዌር አለ። ካርዱ በቀጥታ በ15 ሺህው ፍጥነት እንዲልክ ያደርገዋል።

ከታች ደምሮታል። አዲሱ ካርድ፣ አዲስ ፓወር ሰፕላይ፣ እሱን የሚይዝ አዲስ የኮምፒውተር ሣጥን፣ አዲስ ሞኒተር። ድምሩ ዕቁቡን በልቶ ያልፋል። «ማሚ፣ ሁለት ጥቅም አይሆንም፤ አራት ወጪ ነው» አለ። ቀጥሎ አንገቱን ደፋ። «ግን አሁንም እፈልገዋለሁ።»

አባቱ ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?» አለ። የቤታችን አየር የተለወጠው ያኔ ይመስለኛል። ተስማማን፤ አሮጌው ካርድ ለቴሌቪዥኑ ይገዛል፤ ከዕቁቡ ከተረፈው ላይ ለሕልሙ ካርድ መነሻ የሚሆን ገንዘብ በልጁ ስም ባንክ ይገባል፤ የቀረውን እሱ ያጠራቅማል።

የመጀመሪያው ምሽት

ካርዱን መርካቶ ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች ከሚሸጡበት አገኘነው፤ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ነው። ልጄ ከመግዛታችን በፊት የቪጂኤ መውጫ እንዳለው አየ፤ ሻጩንም ተሰክቶ እንዲያሳየን ጠየቀ።

የእማማ ቴሌቪዥን ከአውሮፓ ስለመጣ ስካርት የሚባለው ባለ 21 እግር ሶኬት አለው፤ በዚያ በኩል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻቸው ይቀበላል። ከካርዱ ወደ ስካርት የሚሄደውን ኬብል ጋሼ በየዱልን። ቴሌቪዥኑን ግን አልፈታነውም። እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ጋሼ «ከነልብሱ ይግባ» ብለው አዘዙ። ሣጥኑን አናጢው አሰፋው፤ ከሥሩም አጠነከረው።

ከሁሉ የፈራነው የመጀመሪያውን መክፈቻ ነው። ኮምፒውተር ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት፣ በዚያው በፈጣኑ ምልክት ነው የሚናገረው። ቴሌቪዥኑ በዚያን ሰዓት ክፍት ከሆነ ሊጎዳ ይችላል፤ ከተበላሸ ደግሞ ሌላ እህት ከሮም አትመጣም። ስለዚህ ሁሉን ነገር በቢሮ ሞኒተር አስተካክለን ጨረስን። ልጄም በወረቀት ጽፎ ሣጥኑ ላይ ለጠፈ፤ «መጀመሪያ ኮምፒውተሩ። ጌሙ ሲገባ ቴሌቪዥኑ። ሲዘጋ ቴሌቪዥኑ ይቀድማል።»

ጌሙ መግባቱን በሞኒተሩ ካየን በኋላ ልጄ አያቱን ጠራ። «እማማ፣ እርስዎ ይክፈቱት።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው መጡ። ቁልፉን ተጫኑ። ያ የድሮ ቴሌቪዥን «ጭስ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መስታወቱ ላይ እጅ ሲጠጋ ፀጉር የሚያቆመው ነገር ተመለሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ ጨለማ። ባለቤቴ የልጁን ትከሻ ይዞ ነበር፤ መያዙን ያወቀ አይመስለኝም። ከዚያ ሥዕሉ ወጣ።

ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር፤ ልጄ ቁጥር ለውጦ መሐል አደረገው። የጀመርነው ሮቢ ሮቶ በሚባል እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣ ጌም ነው፤ አንድ ሰውዬ መሬት እየቆፈረ የታሰሩ ሰዎችን ያስጥላል። የመረጥነውም ባለመብቱ ለንግድ ላልሆነ ጥቅም በነፃ ከፈቀዷቸው ጥቂት ጌሞች አንዱ ስለሆነ ነው። ቀለሙ ፍላቱ ላይ ካየነው የተለየ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ከውስጥ የሚበራ። እማማ ቆመው አዩት። «ይሄ ሰውዬ ምን ጠፍቶት ነው እንዲህ የሚቆፍረው?» አሉ። ልጄ ማስረዳት ጀመረ፤ እሳቸውም ወንበር እንዲያመጡላቸው ጠየቁ።

ተአምር ተፈጠረ ብዬ አልዋሽም። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ዛሬም ፕሌይስቴሽን ቤት ይሄዳል። በሥራ ቀን ግን ጓደኞቹ እኛ ቤት ይመጣሉ፤ ስማቸውንና የማን ልጅ እንደሆኑ ለማወቅ በቅቻለሁ። ባለቤቴ ጌም አይችልም፤ ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ልጁ ያስተምረዋል። እራት ላይ ስለ መስመርና ስለ ምልክት ሲያወሩ ግማሹ አይገባኝም። ይሁን፤ ያውሩ።

እርስዎም ካሰቡ

ሣጥን የመሥራት ሐሳብ ካለዎት ከካርዱ አይጀምሩ፤ ከስክሪኑ ይጀምሩ።

ስክሪንዎ ፍላት ከሆነ ካርድ ጭራሽ ላያስፈልግዎ ይችላል። ብዙ የቢሮ ኮምፒውተሮች ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ግራፊክስ አላቸው፤ ለድሮ ጌሞች እሱ ይበቃል። ከቢሮ የወጡት ባለ 19 ኢንች፣ ቅርጻቸው ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ሞኒተሮች ደግሞ ከሰፋፊዎቹ ይልቅ ለነዚህ ጌሞች ይስማማሉ፤ ሥዕሉ ሳይለጠጥ፣ ግራና ቀኙም ብዙ ጥቁር ሳይሆን ይቀመጣል።

ስክሪንዎ የድሮ ቴሌቪዥን ከሆነ አናሎግ መውጫ ያለው ካርድ ይፈልጉ። መውጫው ቪጂኤ ከሆነ ጥሩ ነው። ዲቪአይ ከሆነ ጠፍጣፋዋን ቀዳዳ ልብ ብለው ይዩ፤ ዙሪያዋን አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉ አናሎግ ያወጣል፤ ከሌሉ አያወጣም። ቴሌቪዥኑ ስካርት ከሌለውና ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ብቻ ካለው መሐል ላይ ሌላ መቀየሪያ ስለሚያስፈልግ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ያኔ ፍላቱ ይሻልዎታል። የፓወር ሰፕላዩን ዋት ያንብቡ፤ የካርዱን ቁመት ይለኩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ በኃይል ስለሚመጣ ስታብላይዘር አይርሱ። የቴሌቪዥኑን ጀርባ መክፈት ለባለሙያ ይተዉ።

ልጄ ለሕልሙ ካርድ የሚያጠራቅመው ገንዘብ ገና ሩቡ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ወረቀት አመጣልኝ፤ ካርዱን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ሣጥኑን ደምሮ፣ በወር የሚጨምረውን የመብራት ወጪ እንኳ ሳይረሳ ጽፎበታል። እንዲህ ያለ ሒሳብ ለሚያቀርብ ሰው ከሚቀጥለው ዕቁብ ላይ ትንሽ መጨመር አይከብደኝም።